የፍቺ ይግባኝ፦ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ክፍፍል ችሎቱ የሚያየውና የማያየው

ትዳር በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲፈርስ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ይሁንና የቤተሰብ ችሎቶችን መዝገብ የተከታተለ ሰው እንደሚያውቀው ከባዱ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፍቺው በኋላ ነው። መለያየቱን ሁለቱም ወገኖች ተቀብለውታል፤ የሚከራከሩት ኮንዶሚኒየሙ የማን እንደሆነ፣ መኪናው በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ በትዳር ዘመን የተወሰደውን ብድር ማን እንደሚከፍልና ልጆቹን ለሚያሳድገው ወገን በየወሩ ስንት ብር እንደሚሰጥ ነው። ውሳኔ በተሰጠ ማግስት አንዱ ወገን፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ ቅር ተሰኝተው ወደ ይግባኝ ይሄዳሉ። ብዙዎቹም የሚሄዱት የይግባኝ ችሎት የትዳራቸውን ታሪክ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይሰማል ብለው ነው። ይህ እምነት የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ሰዎችን ቤት፣ ገንዘብና ዓመታት ያስከፍላቸዋል። ስለዚህ ሕጉ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ክፍፍል ምን እንደሚልና ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከዚህ ውስጥ የትኛውን ሊያይ እንደሚችል አብሮ መመልከት ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት ሕግ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ስለሚችሉ፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የክልሎቹ ሕጎች በብዙ ነገር ከፌዴራሉ ጋር ቢመሳሰሉም የአንቀጽ ቁጥራቸውና አንዳንድ ዝርዝራቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ አንባቢ እዚህ የሚጠቀሱትን አንቀጾች ከክልሉ ሕግ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ከእነዚህ ሕጎች በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር፤ ፍቺውንም ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን ግን ጋብቻን ማፍረስ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚህ በታች ያለው የንብረት ደንብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ እኩልነት ላይ ነው።

ቀለብ የሚባሉት የተለያዩ ነገሮች

በይግባኝ አቤቱታዎች ውስጥ በብዛት ከሚታዩት መደናገሮች አንዱ «ቀለብ» የሚለው ቃል ነው። አንዲት ሴት ሃያ ዓመት ቤቷን ስትመራ፣ ልጆች ስታሳድግ ኖራ፣ ከፍቺ በኋላ «ባለቤቴ በየወሩ ቀለብ ይቁረጥልኝ» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ከሰብአዊነት አንፃር የሚገባ ነው። በአሜሪካ ልዩ ልዩ ግዛቶች የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚያው አገር ፍርድ ቤቶች አሊሞኒ ሲወሰን ስለሚያዩ፣ ተመሳሳይ መብት በአገር ቤትም ያለ ይመስላቸዋል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ ግን ከፍቺ በኋላ አንደኛው የቀድሞ ተጋቢ ለሌላው በየወሩ የሚከፍለው ቋሚ ቀለብ አላበጀም። ባልና ሚስት የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ ያለባቸው ጋብቻው ጸንቶ እስካለ ድረስ ነው፤ ጋብቻው ሲፈርስ ያ ግዴታም አብሮ ይቆማል።

ይህ ማለት ግን ሕጉ ምንም አልሰጠም ማለት አይደለም። የፍቺ ጥያቄ ለፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ አንቀጽ 82 ያዛል። ይህ ትእዛዝ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚቆይ ጊዜያዊ ድጋፍ ነው። ገቢ የሌለው ተጋቢ ይህን ካልጠየቀ ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር የሚጎዳው እሱ ነው፤ በሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም ጉዳዩን መጀመሪያ ባየው ፍርድ ቤት፣ ያልተጠየቀ የጊዜያዊ ቀለብ ጥያቄም በይግባኝ ላይ እንደ አዲስ ቢነሳ ሰሚ አያገኝም። ከዚህ የተለየው ሁለተኛው ነገር በአንቀጽ 84 የተመለከተው ካሳ ነው፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ተጋቢ ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤቱ ያ ተጋቢ ለደረሰው ጉዳት ለሌላው ካሳ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል። ካሳ በየወሩ የሚቆረጥ ቀለብ አይደለም፤ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ ስለሆነ ጥፋቱም ጉዳቱም በማስረጃ መረጋገጥ አለባቸው። በሥር ፍርድ ቤት «ቀለብ ይቆረጥልኝ» ብላ ብቻ የጠየቀች ሴት፣ ድብደባና መባረር ደርሶባት እንኳ፣ የካሳ ጥያቄ ስላላቀረበች ብቻ ያለ ካሳ ልትቀር ትችላለች። በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ በአቤቱታ አጻጻፍ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መብቱ እያለ የጠፋው በስሙ ስላልተጠራ ነውና።

በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች ግን ሌላ በር አላቸው። ባልና ሚስት ስለ ፍቺው ውጤት በሚያደርጉት ስምምነት ውስጥ አንዱ ሌላውን ለተወሰነ ጊዜ እንዲደግፍ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነትም ያስገድዳል።

ከሁሉ የሚጠነክረው የልጆች ቀለብ ነው። የልጅ ቀለብ የእናት ወይም የአባት መብት ሳይሆን የልጁ መብት ነው፤ ልጁን የሚያሳድገው ወገን የሚቀበለው በልጁ ስም ነው። ምግብን ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን ይሸፍናል። መጠኑም የሚወሰነው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም በማመዛዘን ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ የሚያተኩረው ከፋዩ ስንት ያገኛል በሚለው ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የደመወዝ ደብዳቤ ይበቃል፤ ነጋዴ፣ ሾፌር ወይም ደላላ ከሆነ ግን ገቢውን የሚያሳይ ሰነድ ማግኘት ይከብዳል። የግብር ማሳወቂያው ትንሽ ገቢ ያሳያል፤ አኗኗሩ ግን ሌላ ይናገራል። ስለዚህ የንግድ ፈቃዱን፣ የባንክ እንቅስቃሴውን፣ የሚነዳውን መኪና ሊብሬ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍል እንደነበረና የምስክሮችን ቃል በሥር ፍርድ ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የቀለብ ውሳኔ እንደ ሌሎች ውሳኔዎች ለዘለዓለም አይጸናም፤ የከፋዩ አቅም ወይም የልጁ ፍላጎት ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰነው ቀለብ ዛሬ ዳቦና ጤፍ በናሩበት ዋጋ ስላልበቃ ይግባኝ የምትጠይቅ እናት መንገዱን ስታለች፤ ውሳኔው በተሰጠ ጊዜ ስሕተት አልነበረበትምና የይግባኝ ምክንያት የላትም። ማድረግ ያለባት ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት የማሻሻያ ጥያቄ ማቅረብ ነው። በአንፃሩ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን የደመወዝ ማስረጃ ሳይመለከት መጠኑን የወሰነ ከሆነ፣ ትክክለኛው መንገድ ይግባኝ ነው።

የጋራ ንብረትና የግል ንብረት

የንብረት ክርክር የሚጀምረው ከአንድ ግምት ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በባል ብቻ ወይም በሚስት ብቻ ስም የተመዘገበ ቢሆንም፣ ያ ሰው የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር፣ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ሕዝባችን ከሚያስበው በጣም ያነሰ ክብደት አለው። የማስረዳት ሸክሙም የተጫነው «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ነው፤ ይህን የማያውቁ ተከራካሪዎች ባዶ እጃቸውን ቀርበው «ቤቱ በስሜ ስለሆነ የእኔ ነው» ይላሉ፤ ይህንኑ ክርክር ይዘውም እስከ ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እስከሚያርመው የመጨረሻ ችሎት፣ ድረስ ይደክማሉ።

የግል ንብረት የሚባለው በአንቀጽ 57 መሠረት ተጋቢው በጋብቻው ዕለት የነበረው ንብረት ወይም ከጋብቻ በኋላ በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘው ነው። የጋራ የሚባለው ደግሞ በአንቀጽ 62 መሠረት በትዳር ዘመን ሁለቱ በግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢ ሁሉ እንዲሁም በትዳር ዘመን በዋጋ የተገዛ ንብረት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ፤ የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢም የጋራ ነው። ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ያከራየች ሴት ቤቱ የግሏ ሆኖ ይቀራል፤ በትዳር ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ግን የጋራ ነው። በኪራዩ የተገዛው መኪናም እንዲሁ የጋራ ነው።

የግል ንብረት ተሽጦ በዋጋው ሌላ ንብረት ሲገዛ ጉዳዩ ይወሳሰባል። አንድ ሰው ከጋብቻ በፊት የነበረውን ቦታ ሸጦ በዚያው ገንዘብ ኮንዶሚኒየም ቢገዛ፣ አዲሱ ንብረት የግል ሊሆን የሚችለው በአንቀጽ 58 መሠረት ፍርድ ቤት በጥያቄው መሠረት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው። ሰው በሰላሙ ጊዜ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ፍቅር እያለ «ይህ የእኔ ብቻ ይባልልኝ» ማለት በባሕላችን እንደ ነውር ይታያል። ከዓመታት በኋላ ግን የሽያጭ ውሉ ይጠፋል፤ ገንዘቡም የገባበት የባንክ ሒሳብ ከደመወዝ ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ በዚህን ጊዜ የግልነቱን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ከዐረብ አገራት በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። አንዲት ሚስት ቤይሩት ወይም ሪያድ ለስምንት ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ በየወሩ ለባሏ ገንዘብ ትልካለች፤ እሱም በስሙ ቦታ ገዝቶ ቤት ይሠራል፤ ስትመለስ ትዳሩ ፈርሶ ታገኘዋለች። ሕጉ የሚሰጣት ግማሹን ነው፤ የገንዘቡ ሁሉ ምንጭ የእሷ ላብ መሆኑ ብቻ ድርሻዋን ከግማሽ በላይ አያደርገውም፤ ምክንያቱም በትዳር ዘመን የሠራችው ገቢ የጋራ ነውና። ባሏ «ቤቱን የሠራሁት በራሴ ገንዘብ ነው» ቢልም ግምቱ ከእሷ ጎን ነው፤ በውጭ አገር እንኳ ሆና አንድ ሳንቲም ባትልክ ግማሽ ድርሻዋ ይኖራል። እጅግ የሚከብደው ገንዘቡ ለወንድም ወይም ለእናት ተልኮ ቤቱ በዚያ ሰው ስም ሲሠራ ነው። የአንቀጽ 63 ግምት የሚሠራው በባል ወይም በሚስት ስም ለተመዘገበ ንብረት ስለሆነ፣ ንብረቱ በሦስተኛ ወገን ስም ከሆነ የሐዋላ ደረሰኞችና ምስክሮች ይዞ ያን ሰው በክርክሩ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ሳይገባ ቢወሰን ደግሞ በአፈጻጸም ጊዜ ሦስተኛው ወገን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 418 መሠረት መቃወሚያ ያቀርብና ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም ከዚህ ደንብ ውጪ አይደሉም፤ ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሕጋዊ ጋብቻ እያላቸው ለብዙ ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች ይገጥማሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 እንዲህ ያለ ረጅም መለያየት ጋብቻው በተግባር እንደፈረሰ የሚያስቆጥርበት ሁኔታ እንዳለ ወስኗል። ጋብቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው ከሚለው ድንጋጌ ጋር ይህ አተረጓጐም እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለተከራካሪ ግን ተግባራዊ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከተለያዩ በኋላ የተገኘ ንብረት አለ የሚል ሰው መለያየቱ መቼ እንደጀመረ፣ ማን የት እንደኖረና ሌላ ትዳር ተመሥርቶ እንደሆነ በመጀመሪያው ክርክር ውስጥ ማስረዳት ይገባዋል።

ስለ ዕዳና ስለ ሽያጭ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ዕዳ ነው፤ ስለዚህ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ብድር ያልተከፈለው ክፍልም እንደ ቤቱ ለሁለቱ ይከፋፈላል። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሌላኛው ተጋቢ ስምምነት ከተሸጠ፣ ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንጊዜም ቢሆን ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። ይህ ጊዜ ፍቺው ሲያበቃ የሚጀምር አይደለም፤ የፍቺ ክርክሩ እስኪያልቅ ጠብቆ ሽያጩን ልቃወም ያለ ሰው ጊዜው አልፎበት ሊያገኘው ይችላል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምን ያያል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት በተሰጠ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኙ መቅረብ ያለበት ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ በበቂ ምክንያት ይግባኙ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል፤ ይሁንና «ጠበቃዬ ረስቶብኝ ነው» የሚለው ምክንያት በሕጉ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ዕለት የፍርዱን ግልባጭ መዝገብ ቤት ጠይቆ መውሰድ ይገባል።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት የሚያነበው የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ነው። የትዳሩን ታሪክ ሁሉ አይጠይቅም፤ ምስክሮችንም በመርህ ደረጃ እንደገና አይሰማም። የሚጠይቀው የሥር ፍርድ ቤት ትክክለኛውን ጭብጥ፣ ማለትም ሊወሰን የሚገባውን የክርክር ነጥብ፣ ይዟል ወይ፣ ለጭብጡ አግባብ ያለውን ሕግ ተጠቅሟል ወይ፣ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ማስረጃ በሚገባ መዝኗል ወይ የሚለውን ነው። በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ፍሬ ነገር በይግባኝ ማመልከቻ ውስጥ ማንሳት አይቻልም። አዲስ ማስረጃም የሚቀርበው እንደ አንቀጽ 345 ባሉ ጥብቅ ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ ሳይቀበል ከቀረ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍትሕ ሲል ከፈለገው። በሰነድ መደርደሪያ ሥር ተረስቶ የነበረ የሽያጭ ውል ዛሬ ስለተገኘ ብቻ መዝገቡ አይከፈትም። ለዚህ ነው ከላይ ደጋግሜ በሥር ፍርድ ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል ያልኩት።

ችሎቱ ይግባኙን መጀመሪያ የሚመረምረው መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ነው። የይግባኝ ምክንያት የለውም ካለ በአንቀጽ 337 መሠረት እዚያው ይሰርዘዋል። ብዙ የቤተሰብ ይግባኞች የሚያልቁት በዚህ ቦታ ነው፤ ይግባኝ ባዩ ሃያ ገጽ ስለ ባሉ ወይም ስለ ሚስቱ ባሕርይ ጽፎ፣ ፍርዱ የትኛውን አንቀጽ እንደሳተ ወይም የትኛውን ማስረጃ እንዳልተመለከተ ግን በአንድ መስመር እንኳ አላሳየምና። «ያስቀርባል»፣ ማለትም ይግባኙ ክርክር ሊሰማበት ይገባል፣ ከተባለ ግን መልስ ሰጪው ተጠርቶ ይከራከራል፤ መልስ ሰጪውም በፍርዱ ቅር ያለው ነገር ካለ በዚያው መዝገብ መስቀለኛ ይግባኝ ሊያቀርብ ይችላል። ይህን ይግባኝ ባዩ ሊያስብበት ይገባል፤ ለመኪናው ብሎ በከፈተው ይግባኝ ውስጥ ሌላኛው ወገን የቤቱን ጉዳይ ሊያነሳበት ይችላልና።

ይግባኝ መቅረቡ ብቻ የፍርዱን አፈጻጸም አያስቆምም። አንዲት ሴት ይግባኝ ብላ የቤቱ ሐራጅ እንዲቆም ከፈለገች ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዕግድ ጥያቄ ማቅረብ አለባት፤ ፍርዱ ቢፈጸም ሊተካ የማይችል ጉዳት እንደሚደርስባትም ማሳየት ይኖርባታል፤ ፍርድ ቤቱም ዋስትና ሊጠይቃት ይችላል። የልጆች ቀለብ አፈጻጸም እንዲታገድ መጠየቅ ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ችሎቶች እጅግ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር ነው፤ ልጁ ዛሬ መብላት አለበት፤ ይግባኙ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ካጸና ሌላ መደበኛ ይግባኝ የለም፤ ውሳኔውን ከለወጠ ግን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይኖራል። ከመደበኛው ይግባኝ በኋላ የቀረው መንገድ ሰበር ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት ማስረጃ እንደገና አይመዝንም፤ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ብቻ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ከሚባሉት ውስጥ ሕገ መንግሥቱን መጣስ፣ ሕግን አላግባብ መተርጐም፣ ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝና ቀደም ሲል የተሰጠን አስገዳጅ የሰበር ውሳኔ መቃረን ይገኙበታል። አቤቱታውን መጀመሪያ ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት አጣሪ ችሎት ያየዋል፤ ሲያልፍም ቢያንስ አምስት ዳኞች ለሚሰየሙበት ችሎት ይቀርባል። የዚህ ችሎት የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። «ምስክሬን አላመኑኝም» የሚል ቅሬታ ለሰበር አይሆንም፤ «የማስረዳት ሸክሙን በእኔ ላይ ጫኑብኝ፤ ሕጉ ግን በእሱ ላይ ነው ያለው» የሚለው ግን ለሰበር የሚሆን ጥያቄ ነው። ሁለቱ አቤቱታዎች ስለ አንድ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መዳረሻቸው ግን ይለያያል።

በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተፋትቶ በአዲስ አበባ ያለውን ቤት ለመካፈል የሚፈልግ ሰው ፍርዱን ይዞ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም መሄድ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ከሚጠይቃቸው ነገሮች ውስጥ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ፣ ተከሳሹ የመከራከር ዕድል ማግኘቱና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ ይገኙበታል፤ ከማመልከቻው ጋርም የተረጋገጠ የፍርዱ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል ለመሆኑ የፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ መያያዝ አለበት። ባዕድ አገር የሚኖር ሰው ለአገር ቤት ወኪል ሲሰጥም፣ ውክልናው ስለ ፍቺና ስለ ንብረት ክፍፍል በግልጽ የሚናገር እንዲሆን ቢያደርግ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል።

ይግባኙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ንብረቱ በተግባር መካፈል አለበት። ሕጉ በተቻለ መጠን ንብረቱ በዓይነት እንዲከፋፈል፣ ለእያንዳንዱም ይበልጥ የሚጠቅመው እንዲደርሰው፣ የዋጋ መበላለጥ ካለም በገንዘብ እንዲካካስ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ወይም ግቢ ያለው ቤት ግን ለሁለት አይከፈልም። ማን እንደሚወስደው ካልተስማሙ ይሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል፤ በሽያጩ ሁኔታ ካልተስማሙ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ በሐራጅ እንዲሸጥ መጠየቅ ይችላል። የገጠር መሬት እንደ ቤት አይሸጥም፤ የሚከፋፈለው የይዞታ መብቱ ነው፤ ይዞታው የጋራ ሲሆን ማረጋገጫው በባልና በሚስት ስም መሰጠት እንዳለበትም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የተተካው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደንግጎ ነበር።

በአፈጻጸም ጊዜ ከሚነሱት ክርክሮች ይበልጥ የሚያሳስበኝ የግምቱ ጊዜ ነው። አንዱ ወገን ቤቱን ይዞ የሌላውን ድርሻ በገንዘብ ሲከፍል፣ ገንዘቡ የሚሰላው በመሐንዲስ ግምት ነው። የግንባታ ወጪን መነሻ ያደረገ ግምት ከገበያው ዋጋ እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ከዚህም በላይ ግምቱ የተሠራው ክርክሩ በተጀመረ ጊዜ ከሆነና ይግባኙና ሰበሩ ሦስትና አራት ዓመት ከወሰዱ፣ በዚያ ዋጋ ድርሻውን የሚቀበለው ሰው በእውነቱ የሚያገኘው የድርሻውን ጥቂት ክፍል ነው፤ ቤቱን የያዘው ግን በዋጋ ንረቱ ይጠቀማል። ብዙ ጊዜ ቤቱን ለቅቆ የሚወጣው ወገን ሴቷ ስለሆነች ጉዳቱ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ ድርሻዋ በገንዘብ የሚከፈላት ተከራካሪ ለአፈጻጸም ችሎቱ የምታቀርበው የመጀመሪያ ማመልከቻ ግምቱ በአሁኑ ዋጋ እንዲታደስ የሚጠይቅ መሆን ይኖርበታል። ቤቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍም ለሚመለከተው የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የዕግድ ደብዳቤ እንዲጻፍ በዚያው ማመልከቻ ብትጠይቅ፣ ቀደም ብሎ የተሰጠው ዕግድ ከይግባኙ ጋር አብቅቶ እንደሆነ ክፍተቱ ይሸፈናል።